ፋክስ፦ ዘግይቶ ገባ፣ ገብቶ አልወጣም አለ

«ፋክስ ልኬ ነበር፣ ደረሰ?»

ፋክስ የሚልክ ሰው ይህን ስልክ ሳይደውል አይውልም። ወረቀቱን ማሽኑ ላይ ያስገባል። ቁጥሩን ይመታል። ማሽኑ ያፏጫል፣ ይንጫጫል፣ ወረቀቱን ቀስ እያለ ይውጣል። ከዚያ ሰውየው እጀታውን አንስቶ መድረሱን ያጣራል። በስልክ መስመር ልኮ በስልክ ይጠይቃል። ታዲያ መጀመሪያውኑ በስልክ አይነግረውም ነበር?

አይነግረውም። በስልክ የሚነገረው ቃል ነው። ፊርማና ማህተም በአፍ አይነገርም።

ይህን ነገር ይዘን እንቆይ። ፋክስ ቢሮ የገባበትንም፣ ዛሬ አልወጣም ያለበትንም ምክንያት በደንብ የሚያስረዳው እሱ ነው። ደብዳቤ ከኪስ ስልክ በሚላክበት ዘመን በብዙ አገር ሆስፒታሎች፣ ፍርድ ቤቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አሁንም ፋክስ ይላላካሉ። በትእዛዝ ሊያስወጡት የሞከሩ አገሮች አሉ። ሰው ይህን ሲሰማ «ኋላ ቀርነት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ለእኔ ግን ይህ መልስ አይበቃኝም።

ከስልክ በፊት የተወለደ

አሌክሳንደር ቤይን የሚባል ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ የመጀመሪያውን የፋክስ ፓተንት (የፈጠራ መብት) ያወጣው በ1843 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሌክሳንደር ግርሃም ቤል የስልክን ፓተንት ያገኘው በ1876። ፋክስ ከስልክ በ33 ዓመት ይቀድማል ማለት ነው። መጀመሪያ ስሰማ የቁጥር ስህተት መስሎኝ ነበር።

ሰውየው ሰዓት ሠሪ መሆኑ የሚገርም አይደለም። የፋክስ ትልቁ ራስ ምታት ጊዜ ነው። ላኪው ማሽን ወረቀቱን በቀጫጭን መስመር ከፋፍሎ ያነባል። ተቀባዩ ደግሞ ያንኑ መስመር እኩል እየተከተለ መሳል አለበት። አንዱ ትንሽ ከቀደመ ጽሑፉ ይንጋደዳል። ቤይን መፍትሔ ብሎ ያሰበው ሁለት ፔንዱለሞች እኩል እንዲወዛወዙ ማድረግን ነበር።

ሐሳቡን አገልግሎት ያደረገው ጣሊያናዊው ካህን ጆቫኒ ካዜሊ ነው። «ፓንቴሌግራፍ» ያለው ማሽኑ ሁለት ሜትር ገደማ ቁመት ነበረው። በ1865 በፓሪስና በሊዮን መካከል ሥራ ጀመረ። በብዛት ምን ተላከበት? ፊርማ። ባንኮች አንድ ከተማ ያለ ሰው የፈረመውን ሌላ ከተማ ካለው ጋር ለማመሳከር ይጠቀሙበት ነበር። ልብ በሉ፣ ገና ስልክ የለም። ፋክስ ግን ዛሬ የሚሠራትን ሥራ ያኔም እየሠራ ነው።

ካዜሊ ብዙ አልገፋበትም። አገልግሎቱ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ቆመ። ከዚያ በኋላ ቴክኒኩ ለረጅም ጊዜ የጋዜጠኞች መሣሪያ ሆነ። በ1924 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ ፎቶ በሬዲዮ አትላንቲክን ተሻግሯል። የዜና ወኪሉ አሶሺየትድ ፕሬስ በ1935 ፎቶ በሽቦ ማሠራጨት ጀመረ። መርከቦች የአየር ሁኔታ ካርታ በሬዲዮ ፋክስ ይቀበሉ ነበር። ፎቶና ካርታ በቃል አይገለጹማ። ቢሮው ግን በሩን አልከፈተም።

ቴሌክስ ምን አጣ?

ቢሮው ያኔ ሌላ ወዳጅ ነበረው፤ ቴሌክስ። ቴሌክስ ሩቅ ለሩቅ የተያያዘ የጽሕፈት ማሽን ማለት ነው። እዚህ የተመታው ፊደል እዚያ ይታተማል። አስተማማኝ ነው። ማን ለማን እንደላከ ማሽኖቹ እርስ በርስ ስለሚተዋወቁ በንግድ ሥራ ይታመን ነበር።

ችግሩ ፊደሉ ነው። የቴሌክስ ኮድ በአምስት ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 በሆኑ አምስት ምልክቶች፣ የተሠራ ነው። ይህ 32 ጥምረት ብቻ ይሰጣል። ማሽኑ ከፊደል ወደ ቁጥር እየተቀያየረ እንኳ 60 ምልክት አይሞላም። ጽሑፉ ከሁለት መቶ በላይ ፊደል ላለው አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም። ጃፓን ደግሞ ነገሩ የባሰ ነበር። ካንጂ የሚባለው ጽሕፈታቸው በሺዎች የሚቆጠር ምልክት አለው። የጃፓንኛ የጽሕፈት መኪና ራሱ ትልቅና ዘገምተኛ ነበር፤ ብዙ የቢሮ ጽሑፍ በእጅ ይጻፍ ነበር። ለፋክስ ግን ፊደል የሚባል ነገር የለም። ለእሱ ሁሉም ነገር ጥቁርና ነጭ ነጥብ ነው። በእጅህ የጻፍከው፣ የሣልከው፣ ማህተም ያደረግክበት እንዳለ ይሄዳል።

ስለዚህ በኋላ ዓለምን በፋክስ ማሽን ያጥለቀለቁት ሪኮ፣ ካኖን፣ ሻርፕና ማትሱሺታ የጃፓን ኩባንያዎች መሆናቸው የዕድል ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአገራቸው የሚጠብቃቸው ገበያ ነበራቸው። የአሜሪካ ቢሮ ግን የሠለጠነች ታይፒስትና የቴሌክስ ክፍል ነበረው፤ ምን አስቸኮለው?

ሌላም እንቅፋት ነበር። በብዙ አገር የስልክ መሥሪያ ቤቱ ካልሆነ በቀር ማንም ሰው የራሱን ዕቃ ከመስመሩ ጋር ማያያዝ አይፈቀድለትም። ዜሮክስ በ1966 «ማግናፋክስ ቴሌኮፒየር» የሚባል ማሽን ለቢሮ አወጣ። 21 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አንድ ገጽ ለመላክ 6 ደቂቃ ይወስዳል። የስልኩን እጀታ ማሽኑ ላይ ታስተኛዋለህ፣ ማሽኑም ለእጀታው «ያወራለታል»። አሜሪካ ውስጥ ይህን በር የከፈተው በ1968 የአገሪቱ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን «ካርተርፎን» በሚባለው ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ነው። ከዚያ ወዲህ የሌላ ኩባንያ ዕቃ መስመሩን እስካልጎዳ ድረስ መያያዝ ተፈቀደ። የጃፓን መስመር የተከፈተው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው።

በአንድ ቋንቋ መስማማት

መስመሩ ቢከፈትም ማሽኖቹ አይግባቡም ነበር። የአንዱ ኩባንያ ፋክስ ከሌላው ኩባንያ ፋክስ ጋር አይነጋገርም። ለማን እንደምትልክ ሳታውቅ ማሽን መግዛት እንግዲህ እንደ ቁማር ነው።

ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ስታንዳርድ ማውጣት የጀመረው በ1968 ነው። የመጀመሪያው፣ «ግሩፕ 1» የሚባለው፣ ገጹን በ6 ደቂቃ ይልካል። በ1976 የመጣው «ግሩፕ 2» በ3 ደቂቃ። በ1980 ደግሞ «ግሩፕ 3» መጣ። እሱ ከአንድ ደቂቃ በታች አወረደው። ዛሬም በስልክ መስመር የሚሄድ ፋክስ በአብዛኛው የሚነጋገረው በዚህ የ1980 ቋንቋ ነው።

ፍጥነቱ የመጣው ከአንድ ቀላል ብልሃት ነው። ግሩፕ 3 የኤ4 ወረቀትን አንድ መስመር ወደ 1,728 ነጥብ ይከፍላል። በመደበኛ ጥራት አንድ ገጽ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ነጥብ ይወጣዋል። በሴኮንድ 9,600 ቢት በሚልክ መስመር ነጥብ በነጥብ ቢላክ ከሦስት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ግን ደብዳቤ ስታዩት አብዛኛው ነጭ ነው። ዳሩ ነጭ፣ በመስመርና በመስመር መካከል ነጭ። ታዲያ «ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ» እያሉ ከመድገም «ከዚህ ጀምሮ ይህን ያህል ነጭ ነው» ብሎ በአጭር ኮድ መናገር ይቻላል። ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ መስመር፣ የመስመር መዝጊያ ምልክቱን ትተን፣ በ17 ቢት ብቻ ያልቃል። ከ1,728 ወደ 17። ባዶ ቦታ የበዛበት ደብዳቤ ቶሎ የሚያልፈው፣ ጥቁር የበዛበት ፎቶ ደግሞ ማሽኑን የሚያስምጠው ለዚህ ነው።

ያ የሚያሰለች ፉጨትም ትርጉም አለው። ደዋዩ ማሽን በየጥቂት ሴኮንዱ አጭር ድምፅ ያሰማል፤ «እኔ ፋክስ ነኝ» ማለቱ ነው። ተቀባዩ ከፍ ባለ ድምፅ ይመልሳል። ከዚያ በምን ፍጥነት፣ በምን ጥራት እንደሚነጋገሩ ይደራደራሉ። አንዱ አሮጌና ዘገምተኛ ከሆነ አዲሱ ፍጥነቱን ለእሱ ሲል ይቀንሳል። የ1985 ማሽን ከ2015 ማሽን ጋር የሚግባባው በዚህ ይሉኝታ ነው። በኮምፒውተር ዓለም እንዲህ ዓይነት ትሕትና ብዙም አይገኝም።

ስምምነቱ ከመጣ በኋላ ቀሪውን ሒሳብ ሠራው። ሁለት ማሽን ብቻ ካለ አንድ ግንኙነት ነው ያለው። አሥር ማሽን ሲሆን 45 ጥንድ መነጋገር ይችላል። መቶ ሲሆን 4,950። የአንተ ማሽን ያው ነው፤ ጥቅሙ ግን ሌላ ሰው በገዛ ቁጥር ይጨምራል። ደንበኛህ ፋክስ ከገዛ አንተም ትገዛለህ። አንተ ከገዛህ ዕቃ አቅራቢህ ይገዛል። በ1980ዎቹ ዋጋውም እየወረደ ስለሄደ ፋክስ የሌለው ቢሮ ቀስ በቀስ እንደ ጉድ ይታይ ጀመር። በቢዝነስ ካርድ ላይ ከስልክ ቁጥሩ ሥር «ፋክስ» የሚል መስመር የሌለው ሰው «ይሄ ሰው በእርግጥ ቢሮ አለው?» ያሰኝ ነበር።

ይህን ማዕበል በተሳሳተ አቅጣጫ ያነበበው የዕቃ አመላላሹ ፌዴራል ኤክስፕረስ ነው። በ1984 «ዛፕሜይል» የሚባል አገልግሎት ጀመረ። ወረቀትህን መጥቶ ይወስዳል፣ በራሱ ማሽን ወደ ሌላ ከተማ ይልካል፣ እዚያ ያለ ሠራተኛው ለተቀባዩ በእጁ ያደርሳል። ሰው ማሽን አይገዛም፣ አገልግሎት ይገዛል ብሎ አስቦ ነው። ሰው ግን ማሽኑን ራሱ ገዛ። አገልግሎቱ በ1986 ሲዘጋ ኩባንያው ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከስሯል።

ጸሐፊዋ፣ ጥቅልል ወረቀቱና ማስረጃው

ፋክስ የቢሮን አሠራርም ነካክቷል። ቴሌክስ ኦፕሬተር ይፈልጋል፤ ስለዚህ መልእክቱን የጻፈውና የላከው ሰው ይለያያሉ። ፋክስ ግን ማንም ይልካል። ወረቀት ማስገባትና ቁጥር መምታት ነው። አለቃ በእስክሪብቶ የሞነጫጨረውን ያለ ታይፕ ልኮ መልሱን ከሰዓት በኋላ ያገኛል። «በፖስታ ልከነዋል» የሚለው የተለመደ ማምለጫም በዚያው አለቀለት።

ጣጣውም የራሱ ነበር። ብዙዎቹ ማሽኖች በሙቀት የሚጠቁር ጥቅልል ወረቀት ይጠቀሙ ነበር። ወረቀቱ አልቃና ብሎ ይጠቀለላል። ፀሐይ ካገኘው ይደበዝዛል፤ ዓመት ቆይተህ ፋይሉን ስትከፍት ባዶ ወረቀት ይጠብቅሃል። ጠንቃቃ ጸሐፊ ፋክስ በገባ ቁጥር ፎቶ ኮፒ አንስታ ኮፒውን ነበር ፋይል የምታደርገው። ከዚያ ደግሞ ያልጠሩት ማስታወቂያ መጣ። በፖስታ የሚመጣ ማስታወቂያ ወጪው የላኪው ነው። በፋክስ የሚመጣው ግን በተቀባዩ ወረቀት ላይ ነው የሚታተመው፣ መስመሩንም ይይዝበታል። አሜሪካ በ1991 ያልተጠየቀ የፋክስ ማስታወቂያን በሕግ ከለከለች።

ከሁሉም በላይ ግን ያቺ ከላኪው ማሽን የምትወጣ ብጣሽ ወረቀት ናት። ቀን፣ ሰዓት፣ የተደወለበት ቁጥር፣ የገጽ ብዛት፣ ከዚያ «ኦኬ»። ቢሮ ውስጥ የሠራ ሰው ዋጋዋን ያውቃል። ነገ «አልደረሰኝም» የሚል ሲመጣ እሷ ትወጣለች። እውነቱን ለመናገር እሷም ብዙ አትናገርም። ማሽን ከማሽን መነጋገሩን እንጂ ሰው ማንበቡን አታሳይም። የጀርመን ከፍተኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት የ«ኦኬ» ምልክት ብቻውን የመድረስ ማረጋገጫ አይደለም፣ ጠቋሚ ነው ብሏል። ያም ሆኖ ልብ ታሳርፋለች። ኢሜይል በዚህ በኩል ለረጅም ጊዜ ምንም አልሰጠም። ትልካለህ፣ ዝም ይላል።

ኢሜይል መጣ፣ ፋክስ ተቀመጠ

በ1990ዎቹ አጋማሽ ኢሜይል ቢሮዎችን ሲሞላ የፋክስ ቀብር የተቃረበ መስሎ ነበር። ሆኖም ፋክስ በሁለት አስርት ዓመት ውስጥ የገባው ማሽኖች ላይ ብቻ አልነበረም። ደንብ ውስጥ ገብቷል። «በአካል፣ በፖስታ ወይም በፋክስ ይቅረብ» የሚል ዐረፍተ ነገር በውሎች፣ በፍርድ ቤት ሥነ ሥርዓቶችና በማመልከቻ ቅጾች ላይ ተጽፏል። ማሽን ታወጣለህ። ከመመሪያ ውስጥ አንዲት ቃል ለማውጣት ግን ስብሰባ፣ ረቂቅና ፊርማ ያስፈልጋል።

የአሜሪካ ሕክምና ጥሩ ማሳያ ነው። በ2009 የወጣው «ሃይቴክ» የተባለው ሕግ ሆስፒታሎች የሕሙማንን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር እንዲያስገቡ ብዙ ቢሊዮን ዶላር መደበ። አስገቡም። ግን የአንዱ ሆስፒታል ሲስተም ከሌላው ጋር አይነጋገርም፤ ልክ እንደ 1960ዎቹ ፋክሶች። በሽተኛ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር መዝገቡ ከኮምፒውተር ይታተማል፣ በፋክስ ይላካል፣ እዚያ እንደገና ስካን ይደረጋል። ሁሉም የሚችለው አንድ ቋንቋ ግሩፕ 3 ብቻ ነው። በኮሮና ጊዜ ጃፓንና ጀርመንም የበሽተኛ ቁጥር በፋክስ ሲያስተላልፉ ዓለም ጉድ አለ።

ሰዎች አንድ ሌላ ምክንያት ይጨምራሉ፦ «ፋክስ አይጠለፍም»። በዚህ ላይ አልስማማም። ተራ ፋክስ ሳይመሰጠር ነው የሚሄደው። ወረቀቱ ተቀባዩ ቢሮ ትሪ ላይ ወድቆ ያለፈ ያገደመ ያነበዋል። አንድ ቁጥር የተሳሳተ እንደሆነ የሰው የሕክምና ውጤት የማይመለከተው ሰው እጅ ይገባል። በ2018 ቼክ ፖይንት የተባለ የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ተመራማሪዎች ፋክስ ባለው የኤችፒ ፕሪንተር ላይ፣ የፋክስ ቁጥሩን ብቻ አውቀው፣ ተንኮለኛ ፋይል በመላክ ማሽኑን መቆጣጠርና ከጀርባው ወዳለው ኔትወርክ መግባት እንደሚቻል አሳይተዋል። ኤችፒ ማስተካከያ አወጣ። በስልክ ሽቦ በኩልም ሌባ ሊገባ እንደሚችል ግን ያን ጊዜ ታየ።

በር ማሳየት

የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ በ2018 ሲቆጥር በአገሪቱ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ውስጥ ወደ 9,000 የሚጠጉ የፋክስ ማሽኖች ተገኙ። የዚያን ጊዜው የጤና ሚኒስትር ማት ሃንኮክ ከጥር 2019 ጀምሮ አዲስ ማሽን እንዳይገዛ፣ ያሉትም እስከ መጋቢት 2020 መጨረሻ እንዲወገዱ አዘዙ። የጀርመን ፓርላማም ፋክሶቹን እስከ ሰኔ 2024 መጨረሻ እንዲያስወጣ ተወሰነ። ከዚያ በፊት፣ ከ2022 መግቢያ ጀምሮ፣ የጀርመን ጠበቆች ለፍርድ ቤት ሰነድ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲያስገቡ ተገደዱ። ይህኛው ውሳኔ ትዝብቴን የሚደግፍ ይመስለኛል። ማሽኑን አልከለከለም፤ ደንቡን ነው የቀየረው። ደንቡ ሲቀየር የጠበቆቹ ማሽን ሥራ አጥ ይሆናል።

ጃፓን ተቃራኒው ሆነ። በ2021 ሚኒስትሩ ታሮ ኮኖ ከመንግሥት ቢሮዎች ፋክስ ይውጣ ሲሉ ከየመሥሪያ ቤቱ በመቶዎች የሚቆጠር ተቃውሞ ጎረፈ። የፍርድ ቤትና የፖሊስ ሚስጥራዊ ሰነድ እንዴት ይሆናል? የኢንተርኔቱስ ደኅንነት? ዕቅዱ ሙሉ በሙሉ ሳይተገበር ቀረ። ፋክስን ከማንም ቀድማ ያሳደገች አገር ከማንም ዘግይታ ብትሸኘው ምን ይገርማል?

አሁን ፋክስን የሚያሰጋው አዋጅ ሳይሆን ሽቦው ነው። የስልክ ኩባንያዎች አሮጌውን የመዳብ መስመር እየዘጉ ድምፅን በኢንተርኔት ማስተላለፍ ይዘዋል። የኢንተርኔት ስልክ ለሰው ድምፅ የተሠራ ነው። ቅንጣት ድምፅ ቢጠፋ ጆሮ ይሞላዋል፤ ፋክስ ግን አይሞላም፤ ፉጨቱ ሲቆራረጥ ገጹ ይበላሻል። ለዚህ «ቲ.38» የሚባል ስታንዳርድ ከ1998 ጀምሮ ቢኖርም በመንገዱ ላይ ያለው ሁሉ ካልደገፈው አይሠራም። እንግሊዝ ውስጥ አሮጌው መስመር በጥር 2027 እንዲዘጋ ቀን ተቆርጦለታል። ፋክስን ለሁሉም የማቅረብ ግዴታም ከስልክ ኩባንያዎች ላይ ተነስቷል።

እስከዚያው ግን ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙው ፋክስ ዛሬ ወረቀት እንኳ አይነካም። ላኪው ከኮምፒውተሩ ይልከዋል። አንድ ሰርቨር ወደ ፉጨት ይለውጠዋል። ተቀባዩ ጋ ያለው ሰርቨር ፉጨቱን ሰምቶ ወደ ፒዲኤፍ ይመልሰውና በኢሜይል ያደርሰዋል። ሁለት ኮምፒውተሮች ኢንተርኔት እያላቸው በ1980 ቋንቋ ይፏጫሉ። ላኪውም ፒዲኤፉ መሄዱን ካየ በኋላ ስልኩን አንስቶ «ደረሰ?» ይላል።